የተዘነጋች ጳጉሜ

«እንደገና ቁጠሪው» አለ ምህረቴ።

«ሦስት ጊዜ ቆጠርሁት።»

«አራተኛ ቁጠሪው።»

«እኔ ደጋግሜ ስለቆጠርሁት ቀኑ ይለወጣል? ይልቅስ ለአባቴ ምን ብዬ እንደምነግራቸው አስብልኝ።»

«ምንም አትነግሪያቸውም።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«አትነግሪያቸውም አልሁሽ።»

እንዲህ ተካረው የቆሙት እንጅባራ ከተማ ውስጥ ምህረቴ በተከራያት አንዲት ክፍል ነው። የሚተኛባትም፣ ከሥራ መልስ ነሐስ የሚሞርድባትም ይህችው ክፍል ናት። ስሜነሽ ከምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ይዛው የሮጠችውን የግድግዳ ካላንደር በሞረዶቹና በብናኙ መካከል ዘርግታ በሁለት እጇ ተጭናዋለች። አንድ ደንበኛ በላስቲክ እንዲለበጥለት የተወው ካላንደር ነው። ስትለብጠው ዓይኗ መስከረም ላይ አረፈ። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ የአገሩ ቀን በትልቁ፣ የፈረንጁ በትንሹ ታትሟል። ከመስከረም አሥራ ሰባት ሥር ያለው ትንሹ ቁጥር ሃያ ሰባት መሆን ነበረበት። ሃያ ስምንት ይላል።

«መስቀል በፈረንጅ ሃያ ሰባት ነው። ማን አያውቅም?» አለ ምህረቴ። ድምፁ ግን የሚያምን ሰው ድምፅ አልነበረም።

«በሌላው ዓመት ነዋ። ከሉቃስ ወደ ዮሐንስ ሲዞር በአንድ ቀን ይገፋል። ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ነበረች፣ ምህረቴ። የመሪጌታ ልጅ ሆኜ እኔ ራሴ ረሳኋት።»

ምህረቴ ዞሮ መስኮቱ ሥር የተቀመጠውን ሳጥን አየ። ሳጥኑ ከዋንዛ የተሠራ፣ ከጫማ ካርቶን ብዙም የማይበልጥ ነው። በውስጡ ሠላሳ የነሐስ መንኮራኩሮች ጥርስ በጥርስ ተያይዘዋል። ከጎኑ ያለችውን እጀታ ሲያዞሯት ከኋላው ያለው ሰሌዳ ጨረቃ የምትጨልምበትን ወር፣ ከፊቱ ያለው ዘንግ ደግሞ ቀኑን ያሳያል። ቀኖቹ የተጻፉት ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ቀዳዳ ባለው ቀለበት ላይ ነው። ቀለበቱ ስድስተኛዋን ጳጉሜ አያውቃትም፤ እሷ በመጣች ቁጥር ሰው በእጁ አንስቶ አንዲት ቀዳዳ ማዛወር አለበት። እነሱ ቀለበቱን ቦታ ያስያዙት በነሐሴ ነበር። ጳጉሜ መጣች፣ ሄደች፣ አዲስ ዓመት ገባ። ማንም እጁን አላነሳም።

ምህረቴ ቀለበቱን ነቅሎ አዛወረውና መልሶ ሰካው። ዘንጉ አልተነቃነቀም። ከሥሩ ያለው አሥራ ስምንት ግን ተለወጠ።

«አሥራ ሰባት» አለ።

«ጨረቃዋ የምትጨልመው ከነገ ወዲያ ንጋት ነው። ደመራው ሲለኮስ።»

ደጅ አንድ ባጃጅ ጭቃ እየረጨ አለፈ።

«እኔ ነገ ዳንግላ እሄዳለሁ» አለ ምህረቴ። «ጓደኛዬ ወርክሾፕ ከፍቶ ና እያለኝ ነው።»

«በመስቀል ዋዜማ?»

«በመስቀል ዋዜማ።»

«ፈራሁ አትልም?»

«ፈራሁ።»

እንዲህ በቀጥታ ይላል ብላ ስላልጠበቀች ቁጣዋ የሚቆምበት አጣ። ምህረቴ በርጩማው ላይ ተቀመጠና እጆቹን በአሮጌ ጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ቢጠርጋቸውም ብናኙ ከጣቶቹ አይለቅም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እያለ፣ አዘና አጠገብ በተወለደበት ቀበሌ የሆነውን ያኔ ነገራት። ቀጥቃጩ አባቱ የጠገነውን ማረሻ ሊያደርስ ጎረቤት ቤት ሄዶ፣ በረት ውስጥ ያለችውን ላም አየና ታምራለች አለ። በማግስቱ ላሟ ስትወልድ ሞተች። ማንም አልመታቸውም፣ ማንም አልሰደባቸውም። ክረምቱን ሙሉ ግን አንድም ሰው ማረሻ ይዞ ደጃቸው አልመጣም። ከዚያ አንድ ጠዋት አጥራቸው ተቃጥሎ አገኙት፤ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ሰፈር ለቀቁ። እናቱ መንገድ ላይ በአዊኛ አንዲት ነገር ብቻ ብላዋለች፦ የሰው ነገር አይተህ አታድንቅ።

«አንቺ የምትፈሪው ጨረቃ ስትጨልም ነው» አላት። «እኔ የምፈራው ሰው ዘወር ብሎ ሲያየኝ ነው።»

ስሜነሽ ካላንደሩን ጠቀለለችው። ሁለት ጊዜ ተፈታባት።

«አባቴ ሰዉን ካስጠነቀቁ ወደ ደመራው ትመጣለህ?»

«ካስጠነቀቁ።»

«ትመጣለህ ወይ ነው የምልህ።»

ቀና ብሎ አያት። ጨርቁን አስቀመጠ። «እመጣለሁ» አለ።

ነገሩ የተጀመረው በመጋቢት ነው። ምህረቴ በከተማው ብረታ ብረት ያሠለጥን ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገብቶ በስልኩ የያዘው ሥዕል በልኩ፣ አንዲት ሚሊሜትር ሳትጨምር ሳትቀንስ እንዲታተምለት ጠየቀ። የቤቱ ባለቤት ሸጋ፣ ወረቀቱ ሲወጣ አየት አድርጋ፣ ሰው የሻገተ ቂጣ ፎቶ ያሳትማል እንዴ ብላ ሳቀች። ስሜነሽ ግን ቂጣው ውስጥ ጥርስ አየች። ምንድን ነው አለችው።

ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም መሰል፣ ተቀመጥ ሳትለው ተቀመጠ። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ግሪኮች የሠሩት የሰማይ መቁጠሪያ መሆኑን ነገራት። ከሰጠመ መርከብ ጋር አንቲኪቴራ የምትባል ደሴት አጠገብ ባሕር ውስጥ ኖሮ፣ ዝጎ፣ ተሰባብሮ ወጣ። ሊቃውንት በራጅ አይተው ጥርሶቹን ቆጠሩለት። እሱ ደግሞ እንደ ጥንቱ በሞረድ እየሞረደ ሊሠራው ነው፤ ነሐሱን ከአሮጌ የላምባ ምድጃና ከተጣለ ትሪ ያገኛል።

«ለምን ብለህ?» አለችው።

«አባቴ ማረሻ ይሠራል» አለ ቆይቶ። «ማረሻውን የማይፈልግ የለም። እጁን የሚጨብጠው ግን የለም። ሰው እጄን ሊጨብጠኝ የሚመጣበት ነገር ልሥራ ብዬ ነው።»

ከመንኮራኩሮቹ ሁሉ ያስቸገረው ትልቁ ነበር፤ የጨረቃ ጨለማ የሚቆጠርበት፣ ሁለት መቶ ሃያ ሦስት ጥርስ ያለው። ቁጥሩ ለሁለትም ለሦስትም ለምንም አይካፈልም። ሁለት ጊዜ ሞርዶ ሁለት ጊዜ የመጨረሻዋ ጥርስ ግማሽ ሆና ቀረችበት። ይህን ሲነግራት ስሜነሽ ኮምፒውተሩ ላይ ረጅም ቀጭን ወረቀት በሁለት መቶ ሃያ ሦስት እኩል መስመር ከፋፍላ አተመችና በመንኮራኩሩ ዙሪያ ጠመጠመችው። ጫፍና ጫፉ ገጠመ። ሙጫው እስኪደርቅ በጣታቸው መያዝ ነበረባቸው፤ የእሱ ጣት ከእሷ ጣት አጠገብ ሆነ። ሁለቱም ወረቀቱን እንጂ እርስ በርስ አይተያዩም።

«ሙጫው ከደረቀ ቆየ» አለች ሸጋ ከወዲያ።

ከዚያ በኋላ ምህረቴ የሚያሳትመው ነገር አያጣም ነበር። አንድ ቀን ከመንኮራኩሮቹ አንዱ አሥራ ዘጠኝ ዓመትን እንደሚቆጥር፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ጊዜ ጨረቃ እንደምትወለድ ሲያስረዳት ስሜነሽ ሳቀች። አባቷ ይህን በቃላቸው ይሉታል። መሪጌታ ይሄነው ባሕረ ሐሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ልጆች ጾምና በዓል የሚውልበትን ቀን መቁጠር ሲማሩ እሷ ከበሩ ኋላ ሆና እየሰማች ነው ያደገች። ወንድሟ ሽባባው ሦስት ዓመት ተምሮ ያልያዘውን እሷ ሳትማር ይዛዋለች። ያ ነገር ሽባባውን ዛሬም ያንገበግበዋል።

በሐምሌ ምህረቴ መሣሪያውን ይዞ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ወዳለው ቤታቸው መጣ። እናቷ በቀለች የማን ልጅ መሆኑን ከመጠየቋ በፊት አውቃለች፤ ወሬ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል። እሱ ሲገባ ወተቱን ከደነች። ጠላ በጣሳ ሰጠችውና ሲሄድ ጣሳውን ከአጥር ውጪ ተወችው። ሽባባው ደግሞ በሩን ተደግፎ፣ ብረት ሲበላ ለኖረ ሰው ወተት ምን ይጥመዋል ብላችሁ ነው አለ፣ እንደ ቀልድ። ምህረቴ ሁሉንም አየ፤ ስሜነሽም ማየቱን አየች። እሱ ግን እጀታውን ማዞር ቀጠለ።

መሪጌታ ብቻ ምንም አላዩም። ዓይናቸው በአሥራ ዘጠኙ ዓመት መንኮራኩር ላይ ተተክሎ ቀረ። በቃላቸው ሲሉት የኖሩት ነገር በነሐስ ሆኖ ሲዞር ከንፈራቸው አብሮት ይንቀሳቀስ ነበር። ተነሥተው የብራና መጽሐፋቸውን አወጡ። በኅዳጉ ላይ፣ መስከረም ስድስት ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዓመተ ምሕረት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጨረቃ ደም ሆነች የሚል በእጃቸው የተጻፈ ነገር ነበር። ምህረቴ መሣሪያውን ከዚያ አስነሥቶ ጨለማው የሚደገምበትን ሁለት መቶ ሃያ ሦስት ጨረቃ ቆጠረ። በነሐሴ ሲጨርስ መስከረም አሥራ ስምንት አወጣ፤ ሌሊት፣ ሊነጋ ሲል። ስሜነሽ ስልኳ ላይ ፈልጋ የፈረንጆቹን ቀን አገኘች፤ ሴፕቴምበር ሃያ ስምንት። መስቀል ሃያ ሰባት፣ ስለዚህ የመስቀል ማግስት። ሁለት ምስክር ገጠመ። ሁለቱም በአንድ ዓይነት መንገድ ተሳስተው ነበር።

መሪጌታ የዚያን ቀን ምህረቴን ወደ ደጅ ሸኙት። ስሜነሽ በአጥሩ ውስጥ ቆማ ሰማች።

«ሰው በዘሩ ነው ይላሉ» አሉት። «እኔ በሥራው እላለሁ። ጨረቃዋ ባልህበት ቀን ከጨለመች ለግሸን ማርያም ሽማግሌ ላክ። ካልጨለመች ግን ሁለተኛ ደጄን አትርገጥ።»

«እሺ፣ የኔታ» አለ ምህረቴ።

በአዲስ ዓመት ማግስት መሪጌታ ደስታቸውን መያዝ አልቻሉም። ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑን አስቁመው ነገሩት፦ መስከረም አሥራ ስምንት ሌሊት ጨረቃ ትቀላለች፤ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፤ እንዳትደነግጡ። ቀኑን ሁሉም ያዘው።

እሑድ፣ ለመስቀል ዋዜማ፣ ስሜነሽ አባቷን ከጓሮ በጽዱ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ካላንደሩን አላሳየቻቸውም። «አባባ፣ ጳጉሜ ስድስትን ሳንቆጥር ቀርተናል» ብቻ አለች።

መሪጌታ ወዲያው ገባቸው። በጣታቸው አንጓ ላይ አንድ ጊዜ ቆጠሩ፤ አውራ ጣታቸው የመጨረሻው አንጓ ላይ ሲደርስ ቆመ። ስሜነሽ የአባቷን ፊት እንዲህ አይታው አታውቅም። በሽፍታ ዘመን ሌሊት ብቻቸውን መንገድ የሄዱ፣ ከሹም ፊት ቆመው የተከራከሩ ሰው ናቸው። አሁን ግን ዓይናቸው እንደ ተያዘ ሌባ ወደ በሩ ሄደ።

«ማን ሰምቷል?»

«እኔና እሱ።»

«ለስንት ሰው ነገርሁ» አሉ ለራሳቸው። «ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምር ሉቃስን ረሳ ሊባል ነው። የደብሩ ሰው ሁሉ ልጁን እኔ ዘንድ ነው የሚሰድ።»

«ነገ ንጋት ደመራው ሳይለኮስ በፊት ቢነግሯቸው ይበቃል። ስሕተቱን በእኔ ያድርጉት።»

በቀለች በጓሮው በር ብቅ ብላ ሰምታ ኖሯል። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለችና ተመልሳ ገባች።

መሪጌታ አውራ ጣታቸውን ከአንጓው አነሡ። «እነግራቸዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እሱም ይምጣ። መሣሪያውንም ይያዝ፤ ሰው በዓይኑ ይየው።»

ቤታቸው አካባቢ ኔትወርክ የለም። ስሜነሽ የዘንገናን ሐይቅ ከበው ወደሚቆሙት ዛፎች፣ ወደ ገደሉ አፍ ወጥታ ደወለች።

«ይናገራሉ?» አለ ምህረቴ።

«እነግራቸዋለሁ ብለዋል።»

«አንቺ ታምኛቸዋለሽ?»

ከሥሯ ሐይቁ ክብ ሆኖ፣ ጠቁሮ፣ አንዲት ሞገድ ሳይኖረው ተኝቷል። ከሰማዩ ደመና በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለበትም።

«አባቴኮ ናቸው» አለች።

ምህረቴ ከዚያ ሌላ አልጠየቃትም።

ሌሊት አሥር ሰዓት ሲሆን ስሜነሽ ደጅ ወጣች። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ እንዲህ የጠራ ሰማይ አልታየም፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጨረቃዋ ሙሉ ናት። በግራ ጎኗ ግን፣ ጭስ እንደ ነካው ብርጭቆ፣ ትንሽ ጥቁረት ይዟታል። የምህረቴ መንኮራኩሮች እውነት ተናገሩ።

ዞር ስትል አባቷ አጥሩ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከእሷ ቀድመው ነው የወጡት። ተያዩ። አሁን ይነሣሉ፣ ቄሶቹን ይቀሰቅሳሉ፣ ለሰው ይናገራሉ ብላ ጠበቀች። መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡና ወደ ቤት ገቡ።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲደርሱ ሰዉ ችቦ እያበራ ይመጣ ነበር። ደመራው በቅጥሩ መካከል ቆሟል፤ ጫፉ ላይ አደይ አበባ ታስሯል። ልጃገረዶች ይዘፍናሉ። የችቦው ብርሃን ዓይን ስለሚይዝ ወደ ሰማይ ያየ የለም። ምህረቴ ሳጥኑን በጋቢው ሥር ይዞ በሰሜን በር ገባና ከሰው ራቅ ብሎ ቆመ። በዓይኑ ስሜነሽን ፈለገ፤ አገኛት። ተናገሩ ወይ ይላል ዓይኑ። አልተናገሩም። ያኔም ቢሆን ተመልሶ መውጣት ይችል ነበር፤ በሩ አጠገቡ ነው። አልወጣም።

መሪጌታ ከካህናቱ ጋር ደመራውን ሊዞሩ ተሰልፈዋል። በአጠገቧ ሲያልፉ ስሜነሽ ቀረብ አለች።

«አባባ፣ ጊዜው ደረሰ።»

«ከዞርን በኋላ» አሉ ሳያዩዋት።

አንድ ጊዜ ዞሩ። ሁለተኛ ዞሩ። ሦስተኛው ላይ አንዲት አሮጊት ዜማውን የሚያቋርጥ ድምፅ አወጡ። ጩኸት አልነበረም፤ ሰው ጋሬጣ ሲወጋው እንደሚያወጣው ያለ ነው። ሰው ሁሉ እሳቸው ወዳዩበት ዞረ። በምዕራብ፣ ከዛፎቹ በላይ፣ ጨረቃዋ የረጋ ደም መስላለች። ዘፈኑ እየተራገፈ ሄዶ ቆመ። የችቦው መንጣጣት ብቻ ተሰማ።

ከዚያ ሰዉ የኔታን ፈለገ። ቄስ ነጋ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ሁሉም የሚያስበውን ጠየቁ።

«የኔታ፣ ነገ ነው ብለውን አልነበረም?»

ስሜነሽ የአባቷን አፍ አየች። አፋቸው ተከፈተ። የመጀመሪያዋን ፊደል ከንፈራቸው ላይ አየቻት፤ ጳጉሜ ሊሉ ነው። መሪጌታ ዙሪያውን ተመለከቱ። ተማሪዎቻቸው፣ የተማሪዎቻቸው አባቶች፣ አርባ ዓመት የኔታ ሲላቸው የኖረ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል።

«ጸልዩ» አሉ። «እግዚኦ በሉ።» ፊታቸውንም ወደ ምሥራቅ መለሱ።

«አባቴ አልተሳሳቱም» የሚል ድምፅ ከጎን መጣ። ሽባባው ነው። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ቀኑን ያስቀደመ አለ።»

ወደ ማንም አልጠቆመም፤ መጠቆም አላስፈለገውም። ፊቶች አንድ በአንድ ወደ ሰሜን በር ዞሩ። ከጋቢው ሥር የሳጥኑ ማዕዘን ወጥቶ ይታይ ነበር። እናቶች ነጠላቸውን በልጆቻቸው ፊት ላይ ጣሉ። ከምህረቴ አጠገብ የቆሙት አንድ እርምጃ፣ ከዚያም ሌላ እርምጃ ሸሹ። ቡዳ የሚለው ቃል በሹክሹክታ ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ስሜነሽ ሰማችው። ማንም ድንጋይ አላነሣም። በምህረቴ ዙሪያ ግን አውድማ የሚያህል ባዶ መሬት ተፈጠረ፤ እሱም በመካከሉ ሳጥኑን ታቅፎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እያለ እንዲህ ቆሞ እንደነበር ስሜነሽ ያለ ጥርጥር አወቀች።

ያመጣችው እሷ ናት።

ያንን ባዶ መሬት የረገጠ ሰው ተመልሶ ከሰው መካከል እንደማይቆም ታውቃለች፤ ዕድሜ ልኳን ወተት የሚከደንባት፣ ጣሳዋ ከአጥር ውጪ የሚቀር ትሆናለች። ነጠላዋን አጥብቃ ያዘችና አንድ እግሯን አነሣች።

«ስሜነሽ» አለች እናቷ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። አንድ ጊዜ ብቻ።

መሬቱ በጤዛ ርሷል። መሻገሪያው አሥር እርምጃ ቢሆን ነው፤ እሷ ግን የራሷን እርምጃ ሁሉ ሰማችው። ምህረቴ አጠገብ ደርሳ ዞረች።

«ቀኑን የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አለች። «ጳጉሜ ስድስትን ሳልቆጥር ቀረሁ። ማንም ያስቀደመው የለም።»

ከፊት ያሉት ሰሟት። ከኋላ ያሉት ምን አለች ተባባሉ። አንድ ሽማግሌ፣ ሴት ልጅ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ ብለው በአፍንጫቸው ሳቁ። መሪጌታ ከምሥራቅ ዘወር አሉ። መጀመሪያ ልጃቸውን፣ ቀጥሎ ሳጥኑን አዩ። ስሜነሽ ዓይናቸውን አልለቀቀችውም። የረሳሁት እኔ ነኝ ለማለት አሁንም ጊዜ ነበራቸው። ነይ ተመለሺ ለማለትም ነበራቸው። ሁለቱንም አላሉም። መልሰው ዞሩና እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ብለው ጀመሩ፤ ሕዝቡም እንደ ዶፍ ዝናብ ተቀበላቸው። አለመጥራታቸው ፍርሃት ይሁን ምርቃት፣ ስሜነሽ አላወቀችም።

«ሂጂ» አላት ምህረቴ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «አሁንም ይቻላል።»

«አይቻልም።»

«ስሜነሽ፣ እኔ ዕዳ ነኝ።»

«ዝም በል። እየፈራሁ ነው።»

ምህረቴ ሳጥኑን ወደ ግራ ብብቱ አዛወረና በቀኝ እጁ እጇን ያዘ። የነሐሱ ብናኝ መዳፏን ሻከራት።

ዲያቆኑ ደመራውን ለኮሰ። እርጥቡ እንጨት ብዙ ጭስ አወጣ፤ ከዚያ ነበልባሉ ወጣ። በምሥራቅ ሰማዩ እየነጣ፣ በምዕራብ ጨረቃዋ እየደበዘዘች ወደ ዛፎቹ ወረደች። ሰዉ እግዚኦ እያለ በአንድ ዓይኑ ይጠብቃታል። ብርሃኗ አልተመለሰም። እንደቀላች ዛፎቹ መካከል ገባች፤ ከዚያ የለችም። አንዳንድ ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ።

«ትመለሳለች?» አለች ስሜነሽ። ቁጥሩን ታውቀዋለች። ሲናገረው መስማት ፈልጋ ነው።

«አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ሙሉ ትሆናለች። ከዚህ አትታይም እንጂ።»

ያን ጊዜ የደመራው ምሰሶ ተንቋቋ። እግዚኦታው ቆመ፤ ሁሉም ትንፋሹን ያዘ፤ የዓመቱ ነገር ምሰሶው በወደቀበት አቅጣጫ ይታወቃል። ምሰሶው አንድ ጊዜ ዘመም ብሎ፣ የቀረ ሰው የሚፈልግ ይመስል ቆየና ፍም እየበተነ ወደቀ። ሰዉ እልል አለ። ወደ ምሥራቅ ነው አሉ፤ የለም ወደ ሰሜን ነው አሉ፤ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ጥጋብ ነው አሉ። ሽባባው ከሁሉ በላይ እየጮኸ ይከራከር ነበር። ሰው ሁሉ ለግንባሩ ዓመድ ለመውሰድ ወደ እሳቱ ተጋፋ። ባዶው መሬት በሚሮጥ እግር ተሞላ፤ አንዲት ልጅ ምህረቴን ገፍታው አለፈች፣ አንድ ሰው ክርኑን ነክቶት ይቅርታ እንኳ ሳይለው ሄደ።

ምህረቴ አያት። እሷም አየችው። ማንኛቸውም እንሂድ ሳይሉ ወደ በሩ አመሩ።

ከበሩ ላይ ስሜነሽ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየች። አባቷ የሞቀ ዓመድ በእፍኛቸው ይዘው በየሰዉ ግንባር ላይ መስቀል ያደርጋሉ፤ ወረፋው እስከ ደወሉ ቤት ደርሷል። እናቷ ከወረፋው ውስጥ ናት፤ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ተከናንባ የምታየው አይታወቅም።

አንድ ጎልማሳ ያልተለኮሰ ችቦ ተሸክሞ ዳገቱን እየሮጠ መጣ።

«ደመራዋ ወደቀች እንዴ?» አላቸው፣ መልስም ሳይጠብቅ በመካከላቸው አልፎ ገባ።

አብረው ቁልቁለቱን ያዙ።